ስለ እኵሌታ ነጥብ ታሪክ

ሁለት ሰዎች በአንድ ገበታ ፊት ለፊት ተቀምጠው ከጧት እስከ ማታ አእምሯቸውን ሲያደክሙ ውለው፣ በመጨረሻው አንዱ አንዱን ማሸነፍ ሳይችል ቢነሡ፣ ዳኛው በመዝገቡ ላይ ምን ብሎ ይጻፍላቸው? ይህ ጥያቄ ለሚሰማው ሰው የሕፃናት ነገር ይመስላል። ነገር ግን የሰንጠረዥ ሊቃውንት ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ በዚሁም ምክንያት የዓለም ሻምፒዮንነት ግጥሚያ ያለ ፍርድ እስከ መቋረጥ ደርሷል። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከተው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ሰንጠረዥ በሀገራችን እንግዳ ጨዋታ አይደለም። ስሙ ሻትራንጅ ከሚለው የዐረብ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱት እንደ ነበረ ተጽፎአል። በጥንቱ የዐረቦች ሕግ፣ ጭፍሮቹ ሁሉ አልቀውበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ እንደ ተሸነፈ ይቈጠር ነበር፤ ሳይመታ መሄጃ ያጣውም እንዲሁ። ስለዚህ ጨዋታው ብዙ ጊዜ አሸናፊ አያጣም ነበር። አውሮፓውያን ሕጉን እያሻሻሉ ሲሄዱ ግን ሁለቱም ሳይሸናነፉ የሚለያዩበት በር እየበዛ ሄደ። መሄጃ የማጣት ነገር በእንግሊዝ አገር ለረጅም ዘመን አስቂኝ ሆኖ ነበር፤ ባላጋራውን መሄጃ ያሳጣው ሰው ራሱ ተሸናፊ ይባል ነበርና። ይህ ልማድ የቀረው ጄኮብ ሳራት የሚባል የሰንጠረዥ መምህር በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩ እኩል ነው ብሎ ካስተማረ በኋላ ነው።

እኩል መውጣት ለሁለት ወዳጆች ምንም ችግር አያመጣም፤ ጭፍሮቹን መልሶ ደርድሮ እንደ ገና መጀመር ነው። ችግሩ የመጣው ብዙ ሰዎች ከየአገሩ ተሰብስበው ለሽልማት መወዳደር በጀመሩ ጊዜ ነው። በ1851 በሎንዶን በተደረገው የመጀመሪያው ታላቅ ውድድር የተሸነፈ እየወጣ ያሸነፈ እየቀረ ይሄድ ስለ ነበረ፣ እኩል የወጣው ጨዋታ እንዳልተደረገ ተቈጥሮ ይታለፍ ነበር። በ1862 በዚያው ከተማ እያንዳንዱ ሰው ከሁሉ ጋር እንዲጋጠም ሲደረግም፣ እኩል የወጡት አሸናፊ እስኪገኝ ድረስ ይድገሙ ተባለ። ይህ ሕግ በወረቀት ላይ መልካም ነው፤ በሥራ ላይ ግን ድካሙን አበዛው።

ከዚያ በኋላ በ1867 ዓመት፣ በጥቂት ወራት ልዩነት፣ ሁለት ፍርዶች ተሰጡ። የመጀመሪያው በፓሪስ ነው። በዚያ ዓመት ለተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን በተዘጋጀው ውድድር፣ እኩል የወጣ ጨዋታ ለሁለቱም ባዶ ይሁን ተብሎ ተወሰነ። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሳይሸነፍ የዋለው ሰው፣ በመጀመሪያው ሰዓት ከተሸነፈው ጋር በመዝገብ ተካከለ ማለት ነው። በወንጌል ያሉት የወይን ቦታ ሠራተኞች ምንም ቢያጕረመርሙ እያንዳንዳቸው ዲናራቸውን ይዘው ሄደዋል፤ እነዚህ ግን ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ተሰናበቱ። በዚህ ውድድር ኢግናዝ ኮሊሽ አንደኛ ወጣ።

ሁለተኛው ፍርድ የተሰጠው በስኮትላንድ በዳንዲ ከተማ ነው። እዚያ ለአሸናፊ አንድ፣ እኩል ለወጡ ለእያንዳንዳቸው እኵሌታ ነጥብ ተደረገ። ጉስታቭ ኖይማን አንደኛ ሲሆን፣ ኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቪልሄልም ሽታይኒትስ ሁለተኛ ሆነ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የምናየው አቈጣጠር ከዚህች ከተማ የወጣ ነው። በእኔ አሳብ ታላቅነቱ በቀላልነቱ ነው፤ በአንድ ጨዋታ የሚከፈለው ዋጋ ምን ጊዜም አንድ ነው፣ ከአንድም አይበልጥም አያንስም፤ የሚለወጠው አከፋፈሉ ብቻ ነው።

ሆኖም ሰዎች በዚህ አልረኩም። በ1883 በሎንዶን ሁለት ጊዜ እኩል የወጡት ሦስተኛ እንዲጫወቱ፣ ያም እኩል ቢሆን ያን ጊዜ እኵሌታ እንዲካፈሉ ተደረገ። በሞንቴ ካርሎ በ1901 እና በ1902 ደግሞ ነጥቡን እንደ አሞሌ ጨው ሰባበሩት፤ እኩል የወጡት መጀመሪያ ሩብ ሩብ ይይዛሉ፣ የቀረውን እኵሌታ ግን እንደ ገና ተጫውተው ያሸነፈው ይወስደዋል፣ ያም እኩል ቢሆን ሩብ ሩብ ይጨመርላቸዋል። በ1902 ጌዛ ማሮትሲ አንደኛ የሆነው በ14 ከሦስት ሩብ ነጥብ ነው፤ ተከታዩ ፒልስበሪ 14 ተኩል ነበረው። የአንድ ወር ያህል ልፋት በሩብ ነጥብ ተለየ።

ለዓለም ሻምፒዮንነት በሚደረገው የሁለት ሰዎች ግጥሚያ ግን የፓሪስ መንፈስ ለረጅም ዘመን ቈየ። በ1886 ሽታይኒትስና ዙከርቶርት የተጋጠሙት አሥር ጊዜ አስቀድሞ ያሸነፈ ይንገሥ በሚል ውል ነው። በ1927 በቦነስ አይረስ ካፓብላንካና አልዮኺን ሲጋጠሙ ስድስት ድል ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ያን ስድስት ለማግኘት 34 ጨዋታ አስፈለገ፣ ከዚያም ውስጥ 25ቱ እኩል ወጡ። በኋላ ዘመን የጨዋታው ቍጥር 24 ሆኖ በእኵሌታ ነጥብ ይቈጠር ጀመር። በ1975 አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር እኩል የወጣ አይቈጠር፣ አሥር ድል ያስፈልግ ብሎ ነበር። የዓለም የሰንጠረዥ ማኅበር ይህን ቢቀበልለትም፣ 9 ለ9 ቢሆኑ ሻምፒዮኑ ዘውዱን ይያዝ ያለውን ስላልተቀበለለት ሳይጫወት ዘውዱን ለቀቀ። አሳቡ ግን አልቀረም፤ ከ1978 ጀምሮ ስድስት ድል ያስፈልጋል፣ እኩል የወጣው አይቈጠርም ተባለ።

የዚህ ሕግ ፈተናው በሞስኮ መጣ። መስከረም 10 ቀን 1984 የ33 ዓመቱ ሻምፒዮን አናቶሊ ካርፖቭና የ21 ዓመቱ ጋሪ ካስፓሮቭ የአዕማድ አዳራሽ በሚባለው ቤት ተቀመጡ። በ9 ጨዋታ ውስጥ ካርፖቭ አራት ጊዜ አሸነፈ። ሁሉም ነገሩ አለቀ አለ። ወጣቱ ግን በሕጉ ውስጥ የነበረውን ነገር አስተዋለ፤ እኩል መውጣት ለእርሱ ምንም ባያተርፍለት ምንም አያጐድልበትም፤ ቀኑን ብቻ ያረዝምለታል። ካርፖቭም በበኩሉ ሁለት ድል ብቻ ስለ ቀረው፣ ለጥቂት ጊዜ ታግሦ ያለ አደጋ ማግኘትን መረጠ። እንግዲህ አንዱ እንዳይወድቅ፣ አንዱም እንዳይሳሳት ሲሉ፣ 17 ጨዋታ በተከታታይ እኩል ወጣ። በ27ኛው ካርፖቭ አምስተኛውን ድል አገኘ። አንድ ብቻ ቀረው። ያችን አንድ ግን በ21 ጨዋታ ሊያገኛት አልቻለም፤ ካስፓሮቭ 32ኛውን፣ ቀጥሎም 47ኛውንና 48ኛውን አሸነፈ። ሻምፒዮኑ ከድካም የተነሣ እጅግ እንደ ከሳ በጊዜው ተወራ።

የካቲት 15 ቀን 1985 የማኅበሩ ፕሬዚደንት ፍሎሬንሲዮ ካምፖማኔስ ግጥሚያው ያለ ውሳኔ ተቋርጧል ብሎ አስታወቀ። ሁለቱም ተጫዋቾች መቀጠል እንደሚወዱ ተናግረው ነበር። በአምስት ወር ውስጥ 48 ጨዋታ ተደርጎ 40ው እኩል ወጥቷል። እኩል መውጣትን ለማጥፋት ዋጋውን ባዶ ያደረገው ሕግ በዘመናት ያልታየ እኩልነትን ወለደ። ያተኛው ሰው ጥፋተኛ ነው ለማለት አይቻልም፤ ሁለቱም የሠሩት ሕጉ የፈቀደውን ነው። በዚያው ዓመት በ24 ጨዋታና በእኵሌታ ነጥብ እንደ ገና ተጋጠሙ፤ ካስፓሮቭ 13 ለ11 አሸንፎ ዘውዱን ወሰደ።

ነገር ግን እኵሌታው ነጥብ ራሱ ነውር የሌለበት ነው አንልም። በ1962 በኩራሳዎ ደሴት በተደረገው ውድድር ፔትሮስያን፣ ኬሬስና ጌለር እርስ በርሳቸው የተጫወቱትን 12 ጨዋታ ሁሉ እኩል ወጡ። እርስ በርስ ሲጋጠሙ እያረፉ ኃይላቸውን ለሌላው ያስቀምጣሉ ሲል ፊሸር በጋዜጣ ከሰሳቸው። እርሱ በሦስት ነጥብ ያህል ከእነርሱ ኋላ ስለ ነበረ ክሱን እንደ ተሸናፊ ምክንያት የቈጠሩበት ነበሩ፤ ማኅበሩ ግን ከዚያ ወዲህ ያን ውድድር ትቶ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲጋጠሙ አደረገ። ከ30 እርምጃ በፊት ተስማምቶ መለያየት ክልክል ነው የሚል ሕግም ወጣ፤ ብዙ ሳይቈይ ተሻረ። ልባቸው ለዕርቅ የቈረጠ ሰዎችን 30 እርምጃ ማስኬድ ይቻላል፤ ማዋጋት ግን አይቻልም። ደም ተፍቶ በተጋደሉት መካከል የወጣውን እኩልነትና ቡና ጠጥተው የተካፈሉትን የሚለይ ቍጥር እስካሁን አልተገኘም።

ከእግር ኳስ ተበድረው በ2008 በቢልባዎ ለአሸናፊ ሦስት፣ እኩል ለወጡ አንድ አንድ ሰጡ። ይህ የዳንዲን ሚዛን ያናጋዋል፤ አሸናፊ በተገኘበት ቀን ሦስት ይከፈላል፣ እኩል በወጡበት ሁለት ብቻ። ሁለት ጊዜ የሚገናኙ ሰዎች አንዱ ዛሬ አንዱ ነገ ቢያሸንፉ ሁለት ጊዜ እኩል ከወጡት ይበልጣሉና፣ ለተንኰል ሰው ሌላ በር ይከፍታል።

በ2018 በሎንዶን ካርልሰንና ካሩዋና ለዓለም ሻምፒዮንነት ያደረጉት 12 ጨዋታ ሁሉ እኩል ስለ ወጣ ዘውዱ በፈጣን ጨዋታ ተቈረጠ። በኖርዌይ በየዓመቱ በሚደረገው ውድድር ደግሞ ከ2019 ጀምሮ እኩል የወጡት ያን ዕለት አንድ አጭር ጨዋታ ይጨምራሉ። ለነጩ የሚበልጥ ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በዚያች ጨዋታ እኩል ቢወጡ ግን ድሉ የጥቁሩ ነው።