የክት ሰዓት፤ ውበቱና አገልግሎቱ በታሪክ ሚዛን

አማርኛ ልብስን በሁለት ማዕረግ ይከፍለዋል፤ የክትና የዘወትር ብሎ። የክቱ ለዓመት በዓል፣ ለሠርግና ለክብር ጥሪ ተጣጥፎ የሚቀመጥ ነው፤ የዘወትሩ ግን ሥራ ይሠራበታል። የእጅ ሰዓትም በዚሁ ወግ ሊከፈል የሚችል ዕቃ ነው። ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ያለ ችግር የሚገባ ስስ የወርቅ ወይም የፕላቲን ቀፎ፣ የቆዳ ማሰሪያ፣ ጭምት ገጽና ሁለት ወይም ሦስት ቆጣሪ ያለው ሰዓት የክት ሰዓት ሊባል ይገባዋል። ዋጋው ከመኪና፣ አልፎ አልፎም ከቤት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እንሰማለን። ይህን ያህል ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ከውበቱ ሌላ ምን አገልግሎት ይሰጣል? መልሱን ለማግኘት አወላለዱን ማየት፣ ከዚያም የሰዓትና የቀን አቈጣጠሩ ከአውሮፓ በሚለይበት በእኛ አካባቢ እንዴት እንደሚሠራ መመርመር ያሻል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከኪስ ወደ ክንድ

እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ የአውሮፓ ወንድ ሰዓቱን በሰንሰለት አስሮ በኪሱ ይይዝ ነበር። በክንድ ላይ የሚታሰር ሰዓት እንደ አምባር ስለሚቈጠር የሴቶች ጌጥ ነበር። ይህ አመለካከት የተለወጠው በጌጥ ፍላጎት ሳይሆን በሥራ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ብራዚላዊው አብራሪ አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን በበረራ ላይ እጁን ከመሪው ሳያነሣ ጊዜ ለማየት በመቸገሩ፣ የፓሪሱ ጌጣጌጥ ሠሪ ሉዊ ካርቲዬ በክንድ የሚታሰር ሰዓት ሠራለት። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በምሽግ ውስጥ የነበሩ ወታደሮች የጥቃት ሰዓታቸውን ለማስተባበር የእጅ ሰዓት ታጠቁ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሰዓቱን ከክንዳቸው አላወለቁትም።

ካርቲዬ በ1917 «ታንክ» የተባለውን አራት ማዕዘን ሰዓት ነደፈ፤ ስሙም ቅርጹም ከዘመኑ የጦር ታንክ የተወሰደ ነው ይባላል። በ1931 የወጣው የዣዤ ለኩልትር «ሬቬርሶ» ደግሞ በሕንድ ፖሎ ይጫወቱ ለነበሩ የእንግሊዝ መኰንኖች የታሰበ ነበር። የሰዓቱ ገጽ ወደ ውስጥ ስለሚገለበጥ መስታወቱ ከዱላና ከኳስ ምት ይድናል። ዛሬ ሁለቱም ከሙሉ ልብስና ከክራባት ጋር የሚታሰሩ የክት ሰዓቶች ሆነዋል። ጥንተ ትውልዳቸው ግን የጦር ሜዳና የጨዋታ ሜዳ ነው።

በ1932 የጄኔቫው ፓቴክ ፊሊፕ «ካላትራቫ» የሚባለውን፣ ቁጥሩ 96 የሆነውን ክብ ሰዓት አወጣ። ወቅቱ የዓለም ኢኮኖሚ የተንኰታኰተበት፣ ድርጅቱም ራሱ በችግር ምክንያት ወደ ስተርን ቤተሰብ የተላለፈበት ዓመት ነው። የሰዓቱ ስፋት 31 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ጌጥ የለውም፤ ቀጫጭን ቆጣሪዎች፣ አጫጭር የሰዓት ምልክቶችና ንጹሕ ገጽ ብቻ አሉት። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የክት ሰዓቶች አብዛኞቹ የዚህን መልክ ይከተላሉ።

ውበት የሚያስከፍለው

ስስነት ውበት ነው፤ ነገር ግን ያስከፍላል። ስስ ቀፎ ውኃን የሚከላከል ወፍራም ማሸጊያ አይችልም። በብዙ የክት ሰዓቶች ጀርባ ላይ የሚጻፈው «30 ሜትር» የሚለው ቃል ሰዓቱ የእጅ መታጠቢያ ፍንጣቂን ይችላል ማለት እንጂ ይዋኙበታል ማለት አይደለም። 18 ካራት ወርቅ ሦስት አራተኛው ንጹሕ ወርቅ በመሆኑ ከብረት ይልቅ በቀላሉ ይጫራል። የቆዳ ማሰሪያ እንደ ጅቡቲና እንደ ሞምባሳ ባለ ሙቀት ከላብ ጋር ብዙ አይቈይም። በእጅ የሚሞላ ሰዓት አንድ ጊዜ ከተሞላ በአብዛኛው ከ40 ሰዓት ያህል በኋላ ይቆማል፤ በየጥቂት ዓመቱም ተፈትቶ መጽዳትና መቀባት አለበት።

የዘወትሩ ሰዓት በሌላ መንገድ ሄደ። ሮሌክስ በ1926 ውኃ የማያስገባውን «ኦይስተር» አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት መርሴዲስ ግላይትዜ የተባለች እንግሊዛዊት ዋናተኛ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው የባሕር ወሽመጥ ይዛው ዋኘች። በታኅሣሥ 1969 መጨረሻ ደግሞ የጃፓኑ ሴኮ «አስትሮን» የተባለውን የመጀመሪያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። የረቀቀ ነው ተብሎ የተመሰከረለት የሞላ ሰዓት በቀን ከ4 ሰኮንድ ያልበለጠ መዘግየት ወይም ከ6 ሰኮንድ ያልበለጠ መፍጠን ሲፈቀድለት፣ ተራ የኳርትዝ ሰዓት በወር 15 ሰኮንድ ያህል ብቻ ይሳሳታል። በ1970 ገደማ 90,000 ያህል የነበረው የስዊዘርላንድ የሰዓት ሠራተኞች ቁጥር በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ሠላሳዎቹ ሺዎች ወረደ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ትክክለኛ ጊዜ ለማወቅ ሲል የወርቅ ሰዓት መግዛት አላስፈለገውም።

ሆኖም የሞላ ሰዓት አንድ ጠንካራ ክርክር አለው፤ እርሱም መጠገኑ ነው። ውስጡ ሞላ፣ መዘውርና ብሎን ነው። መለዋወጫው ከገበያ ቢጠፋ የሠለጠነ ሰዓት ሠሪ ከብረት ሊያወጣው ይችላል። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ መመረት ያቆመ ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻው መጣል ነው። ስለዚህ አገልግሎትን በዕለት ሳይሆን በትውልድ ለሚለካ ሰው ሚዛኑ ወደ ሌላ ወገን ያጋድላል።

በእኛ ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

እስካሁን የተባለው ሁሉ አውሮፓዊውን ባለሰዓት የሚመለከት ነው። በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። ኢትዮጵያዊው ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ይቈጥራል፤ የስዋሂሊ ተናጋሪውም እንዲሁ። አውሮፓዊው «ሰባት» የሚለውን የጠዋት ሰዓት አዲስ አበቤው «አንድ ሰዓት»፣ የዛንዚባሩ ሰው ደግሞ «ሳ ሞጃ» ይለዋል። ልዩነቱ ድፍን ስድስት ሰዓት ስለሆነ የእኛ ቁጥር ምንጊዜም በሰዓቱ ገጽ ላይ ከአጭሩ ቆጣሪ ትይዩ ይገኛል። የደቂቃው ቆጣሪ ለሁሉም አንድ ነው።

እንግዲህ ቁጥር ያልተጻፈበት፣ ምልክት ብቻ ያለው የ«ካላትራቫ» ዓይነት ገጽ ለእኛ የተመቸ ሆኖ እናገኘዋለን። በአውሮፓም በኢትዮጵያም አቈጣጠር ቢሞላ አንዱን ከሌላው አያስበልጥም። የቀን መስኮት ስለሌለውም ከዘመን አቈጣጠር ጋር አይጣላም።

ችግሩ የሚመጣው ዋጋው ይበልጥ በሚንረው በረቀቀው ሰዓት ላይ ነው። ዘላቂ የቀን መቁጠሪያ የሚባለው ሥራ የወራትን 30 እና 31 ቀን፣ የፌብሩዋሪን 28 እና 29 ቀን ያለ ሰው እርዳታ ለይቶ ያውቃል። ለዚህም በአብዛኛው በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የሚዞር፣ ለ48ቱ ወራት ልዩ ልዩ ጥልቀት ያላቸው ጎድጓዶች የተቈረጡበት መዘውር አለው። ይህ ሁሉ ጥበብ የወራት እኩል አለመሆንን ለማረም የተፈለሰፈ ነው። ኢትዮጵያ ግን 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን ስላላት ችግሩም መፍትሔውም ለእርሷ ባዕድ ነው። መስከረምንም ጳጉሜንንም ያ ሰዓት አያውቃቸውም።

የሚደንቀው ግን የመዘውሩ የአራት ዓመት ዙር ነው። ያለ አንዳች ልዩነት በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ ይህም ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ እየተዘዋወረ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስተኛዋን ጳጉሜን የሚያመጣው የእኛው ሕግ ነው። የአውሮፓው አቈጣጠር በ2100 ይህችን ቀን ስለሚዘል በዚያ ዓመት እነዚህ ሰዓቶች በሰው እጅ መታረም አለባቸው። ሰዓቱ በዚህ አንድ ነገር ከሠሪዎቹ ሕግ ይልቅ ለባሕረ ሐሳብ ይቀርባል ማለት ይቻላል።

የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት

ይህ ጉዳይ በአንድ ታዋቂ ዕቃ ላይ ተሰባስቦ ይታያል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለሹመትና ለሽልማት ዘውድ ወይም ዓርማ የተቀረጸባቸው ሰዓቶች ይሰጡ ነበር፤ እርሳቸውም ይቀበሉ ነበር። በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ እንደተበረከተላቸው የተገለጸ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት በኅዳር 2017 በጄኔቫ በክሪስቲስ የጨረታ ቤት ለሽያጭ ቀረበ። ቁጥሩ 2497 የሆነ፣ 37 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ ዕለትንና ወርን በሁለት መስኮቶች፣ ቀንንና የጨረቃን ሁኔታ ደግሞ ከታች የሚያሳይ ዘላቂ የቀን መቁጠሪያ ነው። በ13 ወራት ለሚቈጥር ሕዝብ ንጉሥ የ12 ወራት ረቂቅ ሰዓት ተሰጠ ማለት ነው። ቢሆንም ስጦታው የመንግሥታት ወግ መግለጫ እንጂ ጊዜ ማወቂያ አልነበረም።

ጨረታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው የንጉሠ ነገሥቱ ወራሾች የባለቤትነት ጥያቄ በማንሣታቸው ሰዓቱ ከሽያጭ ተነሣ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1974 ከዙፋን ከወረዱ በኋላ የቤተ መንግሥትና የመሳፍንት ንብረት የደረሰበት ሁሉ ተመዝግቦ አልተገኘም። የክሱ ፍሬ ነገር ሰዓቱ ስንት ነው የሚለው ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ እንዴት ተሻገረ የሚለው ነበር። አንድን ሰዓት ከሌላው ተመሳሳይ ሰዓት በብዙ እጥፍ የሚያስወድደው የማን እንደነበረ መታወቁ ነውና፣ ያ ታሪክ ሲጨልም ዋጋውም ባለቤትነቱም አብሮ ይናጋል።

ይህ ነገር ለነገሥታት ብቻ የሚሠራ አይደለም። ከአያት የተወረሰ፣ በጡረታ ቀን ወይም በምርቃት የተሸለመ የወርቅ ሰዓት በየቤቱ መሳቢያ ተቀምጦ ይገኛል። ችግር ሲመጣ ወይም የወርቅ ዋጋ ሲወጣ ሞተሩ ይጣልና ቀፎው በክብደቱ ይሸጣል፤ ወደ እሳትም ይገባል። በዚያች ቅጽበት ለትውልድ ይሻገራል የተባለው አገልግሎት ያበቃል።

ስለዚህ ሚዛኑን እንዲህ ብናሳርፈው ይበጃል። በዕለት አገልግሎት የክት ሰዓት በርካሹ የኳርትዝ ሰዓት ይረታል። በውበት ግን ጭምቱ ከረቂቁ ያላነሰ ነው፤ ለእኛ አቈጣጠር ደግሞ ይሻላል፤ ለሚገዛም ሰው ወጪው ያነሰ ነው። ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው አገልግሎት ትዝታን ማሻገር ነው። ይህም በራሱ አይሆንም፤ ማን ለማን፣ መቼና ስለምን እንደሰጠው በወረቀት ሰፍሮ ከሰዓቱ ጋር አብሮ ሊቀመጥ ይገባል። የጄኔቫው ክርክር እንዳሳየው፣ ጽሑፍ የሌለው የወርቅ ሰዓት የሚናገረው ስለ ሰዓት ብቻ ነው።