ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች ታሪክና የእድራችን ድስት



ለቅሶ ቤት ገብቶ ንፍሮ ያልዘገነ ሰው በሰፈራችን ስም ይወጣለታል። «ኮራ» ይባላል፤ «ናቀን» ይባላል። እኛም ከአባሎቻችን አንዲቱን ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ስናማት ኖረናል። ኋላ ግን ሲሊያክ የሚባል ሕመም እንዳለባትና ንፍሮው ውስጥ ያለው ስንዴ እንደሚጎዳት ስንሰማ አፈርን። ስለዚህ የሕመሙን ታሪክ ለአባሎቻችን ልንጽፍ ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አድርገናቸዋል።

ሕመሙ አዲስ አይደለም። አሬቴዎስ የተባለ የቀጰዶቅያ ሐኪም በጥንት ዘመን ስለዚህ ዓይነት በሽተኞች ጽፏል፤ ስሙም ሆድ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በ1888 የለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ጊ ፈውሱ ከምግብ እንደሚገኝ ጻፈ፤ ጎጂው ምግብ የትኛው እንደሆነ ግን አልደረሰበትም።

የደረሰበት ቪለም ዲኬ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። ዲኬ በሄግ ከተማ ሲሠራ በ1930ዎቹ ዓመታት ስንዴን ከበሽተኞቹ ምግብ እያስወጣ ይሞክር ነበር። በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ፣ ጀርመኖች አገሩን እንደያዙ፣ በብርዱ ወራት ታላቅ ረኃብ ሆነ፤ ዳቦም ጠፋ። አገር ሲከሳ እነዚያ ሕፃናት ግን ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸውም አብሮ ተመለሰ። ዲኬ ጥናቱን በ1950 ለዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ አቀረበ።

ጥፋተኛው በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለው ግሉተን ነው። ሕመምተኛው ይህን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ትንሹን አንጀት ይጎዳዋል። የበላው አይዋሐደውም፤ ደም ያንሰዋል፤ ይከሳል፤ ሕፃን ከሆነም ዕድገቱ ይጓተታል። ሕመሙ በቤተሰብ ይወርዳል እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መላውም ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ነው።

ታሪኩ ወደ እኛ ጓዳ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ2005 በሆላንድ የሌይደን ተመራማሪዎች ጤፍን መርምረው ሲሊያክ ያለበትን ሰው የሚጎዳው ግሉተን እንደሌለበት አስታወቁ። በዚያው ዓመት አንድ የሆላንድ ኩባንያ ስለ ጤፍ ከኢትዮጵያ ጋር ተዋዋለ፤ በ2007ም በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት የሚባለውን የባለቤትነት መብት አገኘ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ። በ2018 ደግሞ ዲኬ በሠራባት በሄግ ከተማ ያለው ፍርድ ቤት መብቱን ለሆላንድ ውድቅ አደረገው።

ታዲያ ጤፍ እያለን ምን ያሳስባል? ያሳስባል እንጂ! ጤፍ ሲወደድ እንጀራው ውስጥ ገብስና ስንዴ ይገባበታል። ከስንዴ ቀጥሎ የተፈጨ ጤፍ ከወፍጮው የስንዴ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ከጎረቤት የተዋስነው እርሾ ከቅይጥ ሊጥ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዳቦው፣ በሶው፣ የስንዴ ቂንጬው፣ የገብስ ቆሎውና በገብስ ብቅል የተጠመቀው ጠላ ሁሉ አይሆኑም። እንግዲህ ሕመምተኛው ብቻውን ቢጠነቀቅ ምን ይበጀዋል? ጎረቤቱ ማወቅ አለበት።

ለዚህም ነው ከእድራችን ዕቃ አንድ ድስት፣ አንድ ጭልፋና አንድ መሶብ ምልክት አድርገን ለብቻ ያስቀመጥነው። በዚያ ድስት ሽምብራና ባቄላ ብቻ ይቀቀላል፤ በመሶቡም ተለቅሞ ለብቻው የተፈጨ የጤፍ እንጀራ ይቀርባል። የኮልፌ የጉራጌና የስልጤ ጎረቤቶቻችን ቆጮም ከእንሰት የሚሠራ ስለሆነ ይስማማል። እናቶች ሆይ፣ አደራችሁን፣ ጭልፋው እንዳይቀላቀል!

አንድ ማሳሰቢያም አለን። ሆዱን ያመመው ሁሉ ሲሊያክ አለበት ማለት አይደለም። የሚጠራጠር ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ስንዴውን ቀድሞ ከተወ የደም ምርመራው ሊያሳስት ስለሚችል ከመመርመሩ በፊት አይተው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እድር የቆመው ሬሳ ለመቅበር ብቻ ሳይሆን በሕይወት ያለውን ለመደገፍም ነው። በመጨረሻው ለቅሶ ያች ያማናት እኅታችን ድንኳኑ ውስጥ አጠገባችን ተቀምጣ ከእኛው ጋር ንፍሮ ዘገነች። እኛም ይቅርታዋን ጠይቀናል።