ከጓሳ እስከ ሃርድ ዲስክ፤ የወሰን ታሪክ

ስለ ኮምፒዩተር ልንጽፍ ተነሥተን ከጓሳ ሣር መጀመራችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን የአንዱ ታሪክ ሌላውን ያስረዳልናል።

የመንዝ ጓሳ አንድ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የደጋ ሣር ምድር ነው። አባቶቻችን እንደሚተርኩት፥ አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች በፈረስ ተሽቀዳድመው ወሰኑን ለይተው ተካፈሉት። ልጆቻቸውም በቄሮ ሥርዓት አለቃ እየመረጡ፥ ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት እየዘጉ፥ ጊዜው ሲደርስ እየከፈቱ ጠበቁት። ወሰኑን የሚያውቅና የሚያስከብር ስለ ነበረ ሁለት ወገን በአንድ ምድር ተሳስቦ ኖረ።

የሃርድ ዲስክም ነገር እንዲሁ ነው። አይቢኤም በ1975 ዓ.ም. ኤክስቲ የተባለውን ኮምፒዩተር ከ10 ሜጋባይት ዲስክ ጋር ሲያወጣ፥ ዲስኩ እስከ አራት ሊከፈል ይችል ነበር። የክፍሎቹ መዝገብ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ የሚጻፍ ሲሆን 64 ባይት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የት እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚሰፋ ይናገራል። በነሐሴ 1983 ዓ.ም. የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን ሥራውን አስታወቀ። ከዚያም በኋላ ዊንዶውስንና ሊኑክስን በአንድ ዲስክ ጎን ለጎን የሚያኖሩ ሰዎች በዙ። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት በየትኛው ሥርዓት መሥራት እንደምንፈልግ ይጠይቃል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያርፋል። ነገር ግን መዝገቡ ከጠፋ፥ ጽሑፋችን በቦታው ቢኖርም ኮምፒዩተሩ ሊያገኘው አይችልም።

ጓሳም ይህን የመሰለ ችግር ደርሶበታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ፤ ምድሩ በስፍራው ሳለ ጠባቂ በማጣቱ ሣሩ ተጐዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ ተባብሮ ጥበቃውን መለሰው። የዲስክ መሐንዲሶችም ጂፒቲ በተባለው አዲስ ሥርዓት መዝገቡን በዲስኩ መጀመሪያና መጨረሻ፥ ሁለት ጊዜ እንዲጻፍ አደረጉ።

እኛ ግን ይህን ሁሉ የተማርነው ከጥፋት በኋላ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 መደበኛ ጥገና ሲያበቃ፥ ያረጀውን ኮምፒዩተራችንን ከመጣል ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ልንጨምርበት ቈረጥን። ዳሩ ግን ቸኰልን። የዊንዶውስን ክፍል አሳንሰን ባዶ ቦታ በማስለቀቅ ፈንታ፥ ዲስኩን በሙሉ የሚያጠፋውን ምርጫ ተጫንን። ስለ ጓሳ ከሽማግሌዎች አፍ የጻፍነው ሁሉ በዚያ ነበር፤ ሌላ ግልባጭ አልነበረንም። እንደገና ልንጠይቃቸው ብንሄድ ከመካከላቸው አንዱ ዐርፈው ነበር።

ታናናሾቻችን ሆይ! ዲስክ ለመክፈል አትፍሩ፤ ነገር ግን አስቀድማችሁ ጽሑፋችሁን በሌላ ስፍራ ገልብጡ፥ ቀጥሎ ወሰኑን መርምሩ፥ ከዚያ በኋላ ክፈሉ። እኛም የቀሩትን ሽማግሌዎች ቃል እንደገና ጽፈን፥ አንዱን በኮምፒዩተር፥ አንዱን በደብተር አኑረነዋል።