ከእቴጌ መነን እስከ ሾላ፦ የራሳችንን ደራስያን የማንበብ ታሪክ



ሾላ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ገበያው ነው። ቅቤውን፣ በርበሬውን፣ የሽሮ እህሉን የምንሸምተው እዚያ ነው፤ ከመካከላችን ነግደው ልጅ ያሳደጉበትም አሉ። ከመገናኛ ብዙም የማይርቀው የሾላ ስም ግን በአገራችን የልጆች ንባብ ታሪክ ውስጥም ቦታ አለው። በ1995 ዓ.ም. አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የተባሉ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የመኖሪያ ቤታቸውን ምድር ቤት ለሰፈሩ ልጆች ከፍተው የሾላን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ጀመሩ። ልጆቻችን ምን እያነበቡ ነው የሚለው ጥያቄ በየስብሰባችን ስለሚነሳ፣ በዚህ እትም ስለዚያ ቤትና ከእርሱ በፊት ስለነበረው የንባብ ታሪካችን ጥቂት ልንል ወደድን።

አቶ ዮሐንስ የነገሌ ቦረና ልጅ ናቸው። ለፈተና ሳይሆን ለራሳቸው ደስታ መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው እንደነበር ተናግረዋል። በስደት አሜሪካ ገብተው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማሩና በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ተቀጠሩ። እዚያ በብዙ አገር ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ሲደረደሩ የአማርኛው እንደሌለ አዩ። ስለዚህ ከተረቶቻችን አንዱን ስለ ሞኙ ማሞ የሚናገረውን ይዘው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳተሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ካደገችው አሜሪካዊት የልጆች ደራሲ ጄን ከርትዝ ጋርም «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ከሾላ አልፎ በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አሰማርቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግኖች ብሎ ከመረጣቸው ሰዎች አንዱ አቶ ዮሐንስ ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር የመጻሕፍቱ ብዛት አይደለም። ወደ ሾላ የመጡት መጻሕፍት አብዛኞቹ ከአሜሪካ በስጦታ የተገኙ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ነበሩ፤ ጠቅመዋልም። ሰውየው ግን በስጦታው ብቻ አልቆሙም። የሾላ ልጅ የራሱን ተረት፣ የራሱን ስም፣ እንደ እናቱ ነጠላ የለበሰች ሴት በመጽሐፍ ገጽ ላይ ማየት እንዳለበት አምነው በአገር ቋንቋ ማሳተም ጀመሩ።

ይህን ጉድለት ያዩት እርሳቸው ብቻ አይደሉም። ጥቁር አሜሪካውያን ልጆቻቸው በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ ራሳቸውን ማጣታቸው ለረጅም ዘመን ሲያንገበግባቸው ኖሯል። የታሪክ ሊቁ ካርተር ዉድሰን በ1926 እ.ኤ.አ. የጥቁሮችን ታሪክ ሳምንት ጀመረ፤ በኋላ ሙሉ የፌብሩዋሪ ወር ሆነ። በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ማኅበር ጥቁር አባላት በዚሁ ወር ልጅም አዋቂም ተሰብስቦ የጥቁር ደራስያንን ሥራ ጮክ ብሎ የሚያነብበትን ልማድ አስጀመሩ። አዳራሽ ወይም ድግስ አያስፈልገውም፤ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ሳሎን ይበቃል። ወሩ ከእኛ የካቲት ጋር ይገጥማል፤ እኛም ዓድዋን የምናስብበት ወር ነው።

እኛ አገር ደራሲን «ጥቁር ደራሲ» ብለን አንጠራም፤ ደራሲ ብለን ብቻ እንጠራዋለን። ተሰብስቦ ጮክ ብሎ ማንበብም ለእኛ አዲስ አይደለም። የቄስ ተማሪ ፊደልን የሚለየው በድምፅ ነው። ከሩቅ የመጣ ደብዳቤ ማንበብ ለሚችል ተሰጥቶ ቤተሰቡ በሙሉ ያዳምጥ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን በዚህ መንገድ የንባቡ ተካፋይ ነበሩ።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረኢየሱስ ሥራ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ። የሴት ደራሲ መጽሐፍ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር የተሰለፉ፣ ተማርከውም አዚናራ በተባለችው የጣሊያን ደሴት የታሰሩ ናቸው። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። በ1924 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ የሴቶች ትምህርት ቤት በኋላ የካቲት 12 የተባለው፣ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስንወጣ የምናልፈው ነው። ወይዘሮ ስንዱ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት እየጻፉ መድረክ ላይ አወጧቸው፤ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ። በኋላም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ስማቸውን የሚያውቁ ልጆቻችን ስንት ናቸው?

ከዚያ በኋላ ንባብ በሬዲዮ ወደየቤታችን ገባ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን አወቀ። ሰብለ ወንጌል በዛብህን ያገኘችው እንዲያስተምራት ተቀጥሮ በመጣ ጊዜ መሆኑን ያስታውሷል። በቴሌቪዥንም አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አወሩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች አዋቂዎችን ፊደል አስቆጠረ። ከመካከላችን ስማቸውን መጻፍ የጀመሩት በዚያ ዘመቻ የሆኑ እናቶች አሉ፤ ፊርማቸው ዛሬ በቁጠባ ደብተራችን ላይ ይገኛል።

የኢትዮጵያውያን ድምፅ በውጭም ተሰምቷል። መዓዛ መንግሥቴ ስለ ሴት አርበኞቻችን በእንግሊዝኛ የጻፈችው ልብ ወለድ በ2020 እ.ኤ.አ. ለታላቁ የቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ዓለም ያነበባትን የአገራችንን ልጅ የእኛ ሴት ልጆች ሳያውቋት መቅረት የለባቸውም።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለትዝታ አይደለም። ችግራችን ግልጽ ነው። ጤፍና የቤት ኪራይ በዚህ ዋጋ እያሉ እናት የልጆች መጽሐፍ ግዢ ብትባል የሚቀድማት እንጀራው ነው፤ ማንም አይፈርድባትም። በዚህ መሃል ልጁ የሚያየው በስልክ የሚመጣለትን ብቻ ይሆናል። በስጦታ የሚመጣው ካርቶን ሲከፈትም ብዙ ጊዜ የሚወጣው በረዶ ላይ ስለሚንሸራተት ልጅ የሚያወራ መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ መጽሐፍ ከባሕር ማዶ ጭናችሁ ለመላክ የምታወጡትን ገንዘብ በከፊል እዚሁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን የታተሙ የልጆች መጻሕፍት ለመግዛት አውሉት። መጽሐፉ ለልጁ ይደርሳል፣ ደራሲውና አታሚውም ሥራ ያገኛል። አባላት ሆይ፣ ቁጠባ በምንሰበስብበት ቀን ቡናው እስኪፈላ ድረስ ማንበብ የምትችል አንዲት ልጅ ጮክ ብላ ታንብብልን። ሕፃናቱ ከፊት ይቀመጡ፣ እናቶችም ሥራ እየሠሩ ያዳምጡ። የየካቲት ስብሰባችንን በስንዱ ገብሩ ስም ብንጀምረውስ?