ከቤት የወጣ ልጅና የወላጆች አደራ



ልጅ እንጀራና ልብስ ካገኘ ሌላ ምን ይጎድለዋል ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት አይደለም። የዚህን ጥያቄ መልስ ለማግኘት በምሥራቅ ጎጃም ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የሉማሜን አካባቢ የቀድሞ ኑሮ መመልከት ይበቃል።

ይህ አገር የቅኔ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና ደብረ ኤልያስ ስመ ጥር የትምህርት ቦታዎች በመሆናቸው፣ ብዙ ወንዶች ልጆች ገና በለጋነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው ከእናታቸው ጉያ ይለዩ ነበር። ትምህርቱ ታላላቅ ሊቃውንትን አፍርቷል። ነገር ግን ቀን በየደጁ ሲለምን ውሻ የሚያባርረው፣ ማታ በጎጆው ውስጥ እናቱን እያሰበ የሚያድረው ሕፃን በልቡ ምን ይዞ እንደሚያድግ ማን ጠየቀው? ያጽናናው የነበረው፣ እንደ አባት የሚያየው የኔታና እንደ ታላቅ ወንድም የሚጠብቀው ነባር ተማሪ ነው። ይህን ያላገኘው ግን ብቻውን ቀረ።

ሴቶች ልጆች ደግሞ በሌላ መንገድ ከቤት ይወጡ ነበር፤ ይኸውም ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ተድረው ወደ አማት ቤት በመሄድ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴትን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ይህንኑ በራሱ ሕግ አጸና።

በዚያው አገር ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ፣ በዛብህ በሕፃንነቱ ወላጆቹ የተሳሉትን ስለት ካደገም በኋላ እንደ ሸክም ሲሸከመው አሳይተዋል።

በውጭ አገርም ይኸው ጉዳይ ተመርምሯል። እንግሊዞች በ1939 እ.ኤ.አ. ልጆቻቸውን ከቦምብ ለማዳን ከከተማ ወደ ገጠር ላኩ። በጦርነቱ ጊዜ በለንደን የሕፃናት ማቆያ የከፈቱት አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም ግን ከቦምቡ ይልቅ ከእናት መለየት ሕፃናቱን አብልጦ እንደሚጎዳ ጻፉ። ሐኪሙ ጆን ቦውልቢም በ1951 እ.ኤ.አ. ለዓለም የጤና ድርጅት ባዘጋጀው ጽሑፍ፣ ሕፃን ለአእምሮው ጤና ከእናቱ ወይም እርስዋን ከምትተካ ሰው የማይቋረጥ ፍቅር ያስፈልገዋል አለ።

ዛሬም የቆሎ ተማሪ አልጠፋም፤ ከገጠር ወጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረውም ብዙ ነው። የመንግሥት ሠራተኛውም በዝውውር ምክንያት ልጁን በአያት ወይም በዘመድ ቤት የሚተውበት ጊዜ አለ። ልጅን ለትምህርት መላክ ነውር አይደለም፤ ልኮ መርሳት ግን አደራን መብላት ነው።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ልጅህ በሰው ቤት ቢሆን የሚያዳምጠውን ሰው ዐውቀህ ተውለት፤ የምትመለስበትን ቀን ንገረው፤ ቀኑንም አትለፍ። እንቅልፉ የራቀ፣ ከጓደኞቹ የሸሸ፣ ትምህርቱ የወደቀበት እንደ ሆነ ሰነፍ ብለህ አትምታው፤ ምን እንደ ሆነ በእርጋታ ጠይቀው፤ ካልተሻለውም ወደ ሐኪም ውሰደው። ስንቅ ስትልክለትም «ደረሰህን?» ብቻ አትበለው፤ «ምን አሳዘነህ?» ብለህ ጠይቅና መልሱን እስከ መጨረሻው ስማው።