የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ፤ የታቦትና የወይን አገር

«አገርህን እወቅ» የሚለውን ምክር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ይሁን እንጂ የባሕር ዳርና የወይን አገር በተባለ ጊዜ ከእኛ ከጀሞ ልጆች የብዙዎቻችን አሳብ የሚበረው ወደ ፈረንሳይ ወይም ወደ ኢጣልያ ነው። በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ለማስረዳት የምሞክረው፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ባሕርም ደሴትም የወይን ተክልም በአንድነት የሚገኙበት አገር መኖሩን ነው። እርሱም ዝዋይ ነው።

አስቀድሞ ግን ወይን ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የምታቀርበው ወይን የሚዘጋጀው በውኃ ከተዘፈዘፈ ዘቢብ ነው። በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻም፣ በይፋግና በአካባቢው፣ በቀድሞ ዘመን ወይን ይለማ እንደ ነበር አገር ጎብኚዎች ጽፈዋል። በ20ኛውም ምዕት ዓመት ለሰፈራችን ጎረቤት በሆነው በመካኒሳ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ሲሠራ፣ ፍሬው ይመጣለት የነበረው ከአዋሽ ወንዝ አጠገብ ከመርቲ ጀጁ ነው። እንግዲህ የወይን ታሪካችን ከውኃ ዳር ተለይቶ አያውቅም።

ከጀሞ ተነሥቶ ወደ ዝዋይ የሚወርድ መንገደኛ ቢሾፍቱን አልፎ ሞጆ ሲደርስ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ደጋው እየቀረ፣ ግራሩ እየበዛ፣ አየሩም እየሞቀ ይሄዳል። መቂን ካለፈ በኋላ ሰፊው ውኃ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1636 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ ዘጠኝ ሜትር አካባቢ ነው። ቀጣር ከአርሲ ተራራ፣ መቂ ደግሞ ከጉራጌ ደጋ ወርደው ይገቡበታል፤ ቡልቡላ የተባለው ወንዝ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈስሳል። በዳርቻው ያለችው ከተማም ዛሬ ባቱ ትባላለች።

በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ እነርሱም ደብረ ጽዮን ወይም ቱሉ ጉዶ፣ ጸዴቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ ናቸው። የደሴቶቹ ባላገሮች ዛይ ይባላሉ፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። አባቶቻቸው ያቆዩት ታሪክ እንደሚለው፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሹ፤ ታቦቷም በደብረ ጽዮን 70 ዓመት ተቀመጠች። በ16ኛው ምዕት ዓመት በአሕመድ ግራኝ ጦርነት ጊዜም ብዙ ክርስቲያኖች ወደ ደሴቶቹ ተሰደዱ ይባላል። ይህ ትውፊት ነው፤ የታሪክ ተማሪ ትውፊትንና በጽሑፍ የተረጋገጠውን ነገር ለይቶ ማየት ይኖርበታል። በደሴቶቹ ተጠብቀው የቆዩት የብራና መጻሕፍት ግን በዓይን የሚታዩ ምስክሮች ናቸው። ዛዮች በዙሪያቸው ካለው የየብስ አገር ተለይተው፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ ሸማ እየሠሩ፣ የተራራውን ጥግ በድንጋይ እየካቡና እያረሱ በኖሩበት ረጅም ዘመን ሁሉ እነዚህን መጻሕፍት አልጣሉም። ሀብታቸው ጥቂት ነበር፤ ጠባቂነታቸው ግን ታላቅ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የወይኑ ታሪክ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በዝዋይ አጠገብ ወይን መትከል ጀመረ፤ የመጀመሪያው ወይን ጠጅም በ2014 ለገበያ ወጣ። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉት የፈረንሳይ ዘሮች በአሸዋማው መሬት ላይ በቀሉ። ከጠጆቹም አንዱ «አኬሺያ» ተባለ፤ ትርጓሜውም ግራር ማለት ነው። በአውሮፓ የወይን ሐረግ በክረምት ብርድ ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል። በዝዋይ ግን እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ፣ ሐረጉን የሚያሳርፈውና የሚቀሰቅሰው ገበሬው በመግረዝና ውኃ በመስጠት ነው። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ መሆኑ ለፍሬው ይስማማዋል። ጉማሬና ጅብ ወደ ተክሉ እንዳይገቡም ዙሪያውን ቦይ ተቆፈረ። ቦርዶ ያለ ገበሬ ጉማሬን ለመከልከል ጕድጓድ መቆፈር የሚያስፈልገው አይመስለኝም!

ይህን ስጽፍ ጓደኞቼን ወደ መጠጥ መጋበዜ አይደለም። የማስበው ስለ ውኃው ነው። ከደሴቶቹ አንዱ ገሊላ መባሉ የቃና ዘገሊላን ሠርግ ያስታውሰኛል፤ በዚያ ውኃው ወይን የሆነው በተአምር ነበር። በዝዋይ ውኃ ወይን የሚሆነው በሰው ድካም ነው፤ አትክልትና አበባ የሚሆነውም እንዲሁ ነው። ከዚሁ ሐይቅ ከተማው ይጠጣል፣ ዓሣ አጥማጁ ይኖራል፣ የመስኖ እርሻውም ይቀዳል። ከላይ ብዙ በተቀዳ ቁጥር በቡልቡላ በኩል የሚወርደው ያንሳል፤ የአብያታም ሐይቅ ከቀድሞ ስፋቱ እጅግ መሸሹ የታወቀ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መድረቁን ወላጆቻችን ያስታውሳሉ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ውኃ መልሶ ቢታይበትም ትምህርቱ ሊረሳ አይገባም። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላል ያገራችን ተረት፤ ጥልቀት በሌለው በዝዋይ ላይ ግን እያሳሳቀ የሚወሰደው ራሱ ውኃው እንዳይሆን ያሰጋል።

የታሪክ ትምህርት ጥቅሙ የሞቱትን ለማመስገን ብቻ አይደለም። የዛይ አባቶች ሠራዊትም ገንዘብም ሳይኖራቸው፣ በአደራ የተቀበሉትን መጽሐፍ ከዘመን ዘመን አሻግረውልናል። እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን የምንወጣው ተማሪዎች መሐንዲስም ገበሬም ነጋዴም እንሆናለን፤ ከዚህ ሐይቅ ስንት እንደሚቀዳና ስንት እንደሚቀር የሚወስኑትም ከእኛ መካከል ይወጣሉ። እነርሱ የብራናውን መጽሐፍ ጠበቁ፤ እኛ መጽሐፉን የጠበቀውን ውኃ እንጠብቅ።