የተቆላ ዘር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ልጅ ሳለሁ በድባጤ አንድ ቀን፣ አብሮኝ የሚማረውን የጉሙዝ ልጅ ከባርነት ዘመን በተረፈው የንቀት ስም ጠራሁት። የተናገርሁት ትልልቆቹ ሲሉት የሰማሁትን ነበር፤ ክፉ መናገሬም አልታወቀኝም። ልጁ አልመለሰልኝም፤ ደብተሩን አንሥቶ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የሕንድ ጠቢባን የጻፉትን ሳነብ ያ ቀን ትዝ አለኝ። የሕንድ ነገር ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አባ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «በረላም ወይዋስፍ» የተባለው መጽሐፍ ሥሩ የቡድሃ ታሪክ ነው።

በፓታንጃሊ ስም የሚጠራው የዮጋ መጽሐፍ «ካርማ» የሚለው የእኛኑ «ሥራ» ነው። ሰው የሠራው ሁሉ በኅሊናው እንደ ዘር ይቀበራል፤ ጊዜው ሲደርስም ይበቅላል። አባቶቻችንም «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይላሉ። የመጽሐፉ መተርጉማን ደግሞ ኅሊናን በ5 ደረጃ ይከፍሉታል፤ አንደኛው የሚቅበዘበዝ፣ ሁለተኛው የደነዘዘ፣ ሦስተኛው ጥቂት ረግቶ ተመልሶ የሚባዝን፣ አራተኛው በአንድ ነገር ላይ የጸና፣ አምስተኛው ከአሳብ ሁሉ ያረፈ ነው። እኔ በዚያን ቀን በሁለተኛው ላይ ነበርሁ።

ያን ዘር ግን እኔ ብቻ አልዘራሁትም። በ19ኛው ምዕት ዓመትና በ20ኛው መጀመሪያ የደጋ መኳንንትና ነጋዴዎች በመተከል የጉሙዝን ሰው እየማረኩ በባርነት ይሸጡ ነበር። ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ባርነት ተሻረ። ዐዋጅ ግን እጅን ይይዛል እንጂ ምላስን አያጸዳም፤ የንቀቱ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ከእኔ ደረሰ።

ከዚህ ትምህርት ክፉ ፍሬ የሚለቅሙም አሉ። ተሸጦ የኖረውን ሰው «ቀድሞ ባጠፋው ነው» ይሉታል፤ ወይም የአባትን ዕዳ ከልጅ ይጠይቃሉ። በ2013 ዓ.ም. በድባጤና በሌላውም የመተከል ወረዳ ብዙ ንጹሓን ሲገደሉ፣ ሰው በሥራው ሳይሆን በዘሩ ሲመዘን የሚመጣውን ጥፋት አይተናል። ካርማ የጎረቤትን ኀጢአት መቍጠሪያ አይደለም፤ እያንዳንዱን ወደ ገዛ እርሻው ይመልሰዋል እንጂ።

ታዲያ የተዘራ ሁሉ መብቀሉ ግድ ነውን? አይደለም። እነዚያው መተርጉማን የተቆላ ዘር አይበቅልም ይላሉ፤ ክፉ ልማድም ነቅቶ በሚመረምር ኅሊና ሲቆላ ኃይሉን ያጣል። ይህን ለማወቅ ሕንድ ድረስ መሄድ አያሻም፤ ሽምብራ የቆላች እናት ሁሉ ታውቀዋለች።

ያን ልጅ አድጎ አገኘሁት። በእናቱ ባወጣችለት ስም ጠርቼ ይቅርታ ለመንሁት። «እኔም አልረሳሁትም» አለኝ። ከዚያም ቡና እንድንጠጣ ወደ ቤቱ ወሰደኝ።

አንተም ወዳጄ፣ ሳታስበው በምላስህ የሚመላለሰውን ቃል ማን እንደ ዘራው መርምር፤ በልጅህ አፍ ሳይበቅልም ቍላው።